የኮልቢ ውጤት

ሎረል ፎርክ፣ ኬንታኪ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2012

ለዶክተር ጋርላንድ ኮምስ፣

የሥጋ ዘመዴ ሆይ፣ ጌታ እጅዎን ከመንቀጥቀጥ፣ ቤትዎንም ከሐዘን ይጠብቅ። ማን እንደሆንኩ ባያስታውሱ አልቀየምም። የእርስዎ አያት ኦማ እና የእኔ አያት ዜልዳ እህትማማቾች ነበሩ። በአጎታችን በሆባርት ቀብር ላይ፣ ሃያ አንድ ዓመት ይሆነዋል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሳህንዎ ላይ ያደረግኩልዎ እኔ ነኝ። ያኔ ፀጉሬ ቀይ ነበር።

ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። ይህንን ወረቀት ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ስህተት ቢያገኙ ይለፉኝ።

የምጽፈው ስለ ልጄ ስለ ኮልቢ ነው። የእግር ሕክምና ትምህርቱን አራተኛና የመጨረሻ ዓመት ጀምሯል። በሚቀጥለው ወር እርስዎ ሬዚደንቶችን፣ ተመራቂ ሐኪሞችን ማለት ነው፣ ወደሚያሠለጥኑበት ሆስፒታል ለልምምድ ይመጣል። ዘመድነታችንን ያውቃል፤ ግን ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል። «እማ፣ በሥራዬ ይዩኝ» ነው ያለው። መጻፌንም አያውቅም። እንዳይነግሩብኝ አደራ።

ልጄ ሰነፍ አይደለም። ኮሌጅ ሳለ ኬሚስትሪ ይከብደው ነበር፤ በዚያ ምክንያት ሁለት የእግር ሕክምና ትምህርት ቤቶች መለሱት። ሦስተኛው ተጠባባቂ አድርጎት ቆይቶ፣ ትምህርት ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጠራው። ቃለ መጠይቅ ያደረጉለት ሰውዬ፣ የኮሌጅ ውጤትህ እዚህ ድረስ አምጥቶሃል፣ ከእንግዲህ ሆስፒታል የሚያስገባህ ወይም የሚያስቀርህ እዚህ የምታመጣው ነው አሉት። እህቱ ክሪስታ በጣም ሳቀችበት። «የሰው ካልሲ ለማውለቅ ይሄን ያህል ፈተና?» አለችው። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገቡን አስሮ ነበር የሚያጠናው።

ክሪስታ በመጀመሪያ ዓመቱ በኤፕሪል ወር ሞተችብኝ። ከሥራ ስትመለስ መኪናዋ ከድልድዩ ወርዶ ወንዝ ገባ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ኮልቢ እኔ ዘንድ አምስት ሳምንት ተቀመጠ። በዚያ የተነሳ በእግር አናቶሚ ዲ አገኘ፤ ዋናው ትምህርት እሱ ነው አሉ። ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ተምሮ ቢ አመጣ። ዲው ግን ከወረቀቱ ላይ አይፋቅም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። አሁን አማካይ ውጤቱ ሦስት ነጥብ ዜሮ ስድስት ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ትልቅ ይሁን ትንሽ ግን አላውቅም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ይህ ዲ ልጄን ከሆስፒታል ያስቀረዋል ወይ? ከምረቃ በኋላ የሚሠለጥኑበት የሬዚደንሲ ቦታ ከተመራቂው ቁጥር ያንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቦታ ያላገኘ ደግሞ ዶክተር ተብሎ ተመርቆ የሰው እግር መንካት አይፈቀድለትም አሉ። ያለኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው።

ዘመድዎ፣
ቨርና ስታምፐር


ዴይተን፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 1 ቀን 2012

ለወይዘሮ ቨርና ስታምፐር፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። በልጅዎ ሞት የተሰማኝን ሐዘን እገልጻለሁ።

ስለ አንድ አመልካች አስቀድሜ መናገር አልችልም። ስለ አሠራሩ ግን ለማንም የምለውን ልንገርዎ። በየዓመቱ ወደ ዘጠና ማመልከቻ ይደርሰናል፤ ያለን ቦታ ሦስት ነው። ጸሐፊዬ ማመልከቻዎቹን በአማካይ ውጤት ትደረድራቸዋለች። ከሦስት በታች የሆነው እኔ ጋ አይደርስም። ሦስትና ከዚያ በላይ ያለው ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱን መልሼ አላነሳውም። የሐኪምነት ፈቃድ የሚያሰጠውን የቦርድ ፈተና በመጀመሪያው ጊዜ ማለፉን አያለሁ። ከዚያ የማየው ሰውየውን ነው፤ ለዚህም የልምምዱ ወር አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አምስቱን ሳምንት ልጅዎ የቀረው ትምህርት ቤቱ ፈቅዶለት ነው ወይስ በራሱ ውሳኔ?

አክባሪዎ፣
ዶ/ር ጋርላንድ ኮምስ


ሎረል ፎርክ
ኦክቶበር 6 ቀን 2012

ለወንድሜ ለጋርላንድ፣

ለማያውቁኝ ለእኔ ጊዜ ሰጥተው ስለጻፉ፣ እግዚአብሔር በዘመንዎ ላይ ዘመን ይጨምርልዎ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። በፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ኖብል «ወንበር ላምጣልሽ?» እስክትለኝ ድረስ።

ወንድሜ ያልኩዎ ስለጠየቁኝ ነው። ክሪስታ ከሞተች ወዲህ ያ ጊዜ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ምግብ አምጥቶ ሳህኑን ሊወስድ ይመለሳል፣ ሌላ የለም።

ትምህርት ቤቱ የፈቀደለት አራት ቀን ነበር። እሱ ግን አልሄደም። እኔ ነኝ አትሂድ ያልኩት። እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣኝ የነበረው ኮልቢ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሦስት ጊዜ ደወሉለት። በሦስተኛው፣ ፈተናው ማክሰኞ ነው፣ ካልመጣህ ትወድቃለህ አሉት። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ እሰማለሁ። «ከወደቅኩ ወደቅኩ፣ እናቴን ጥዬ አልመጣም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ወንድሜ፣ ይህን ሲሰሙ ልጁ ምን ዓይነት እንደሆነ ይገባዎታል።

ይህም ብቻ አይደለም። ባለፈው ኤፕሪል ሙት ዓመቷ ሲደርስ በበሽተኛ ክፍል ተመድቦ ይሠራ ነበር። ቃል ሳልናገር፣ በስልክ ድምፄን ብቻ ሰምቶ ስድስት ሰዓት መኪና ነድቶ መጣ። ሁለት ቀን አብሮኝ ዋለ። አለቃው ተቆጡት አሉ። ለእናቱ እንዲህ የሆነ ልጅ ለበሽተኛ እንዴት ይሆን ብለው ያስቡልኝ።

ዲው የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። የሚጻፍበት ቦታ ካለ በእኔ ስም ይጻፉት።

ሁለት ጠርሙስ የፖም ማርማላታ በፖስታ ልኬያለሁ። ከማን ነው ቢሉዎ ከገጠር ዘመድ ይበሉ።

እህትዎ፣
ቨርና


ዴይተን
ኖቬምበር 19 ቀን 2012

ለወይዘሮ ስታምፐር፣

ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን እመኛለሁ። ማርማላታው ደርሷል፤ ነርሶቹ በልተው አመስግነዋል።

ልጅዎ የልምምድ ወሩን ጨርሷል። እጁ ጥሩ ነው። በሽተኞች ይወዱታል፤ አንዲት አሮጊት እሱ ካልሆነ ፋሻዬን ማንም አይፍታ ብላናለች። ከዚህ በላይ እንዳልናገር የድልድሉ ሕግ ይከለክለኛል። አሠራሩን ከእሱ ሰምተው ይሆናል። እነሱ የሚፈልጉትን ሆስፒታል በቅደም ተከተል ይጽፋሉ፣ እኛም የምንፈልጋቸውን ሰዎች እንዲሁ እንጽፋለን፤ በማርች ወር ማሽኑ ያገናኘናል።

የጻፉልኝን ሁሉ በጥንቃቄ አንብቤያለሁ። ልጅዎን አልረሳውም።

አክባሪዎ፣
ዶ/ር ጋርላንድ ኮምስ


ሎረል ፎርክ
ጃንዋሪ 28 ቀን 2013

ለወንድሜ ለጋርላንድ፣

አዲሱ ዓመት የምሥራች የሚሰሙበት ይሁንልዎ። የዛሬው ደብዳቤ አጭር ነው፤ እጄን የቁርጥማት ሕመም ይዞኛል።

ኮልቢ ቃለ መጠይቁን ሁሉ ጨርሶ እሑድ ቤት መጥቶ ነበር። አራት ሆስፒታል አነጋግረውታል፤ የእርስዎ አንዱ ነው። ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ዝርዝሩን አሳየኝ። የእርስዎ አንደኛ፣ ከዚያ የሌሎቹ የሦስቱ ስም ተከትሏል። ሌሎቹን ለምን ጻፍካቸው አልኩት።

«እማ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንዱ ቢቀር ሌላው አለ።»

«ዘመድህን አታምንም ማለት ነው?»

«እሱ እኮ ዝርዝሬን አያይም። ምን ይጎዳዋል?»

እኔ ግን አየዋለሁ አልኩት። ሰው በሩን ሊከፍትልህ ቆሞ ሳለ የጎረቤቱን በር ማንኳኳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፣ አያትህ ብትሰማ ታፍር ነበር አልኩት። «ሰውየው ምንም ቃል አልሰጠኝም» አለኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ላሳየው አልቻልኩም፤ መጻፌን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ አልኩት። ከየት ነው የምታውቂው ሲለኝ ማልቀስ ጀመርኩ። ክሪስታ እምቢ አትለኝም ነበር አልኩት። ይህን ማለቴ ጥሩ አልነበረም።

ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበው። ከዚያ ሦስቱን አንድ በአንድ አጠፋቸው። «ይኸው፣ ደስ ይበልሽ» ብሎ ሣር ሊያጭድ ወጣ። በጃንዋሪ ሣር የለም። ማጨጃውን ጋራዡ ውስጥ ሲፈታና ሲገጥም ዋለ።

እንግዲህ ልጄ ሙሉ በሙሉ በእጅዎ ነው። ይህን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

እህትዎ፣
ቨርና


ሎረል ፎርክ
ማርች 23 ቀን 2013

ለወንድሜ ለጋርላንድ፣

በሰላም እንዳሉ አምናለሁ። የድልድሉ ውጤት ትናንት ወጣ። ኮልቢ አልተደለደለም።

በስልክ ነው የነገረኝ። «እማ፣ ባዶ ነው» አለኝ። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል አልኩት። ማሽኑ አይሳሳትም አለኝ። ወዲያው ያልተሞሉ ቦታዎችን ዝርዝር አውጥቶ መደወል ጀመረ። ከእርስዎ ሆስፒታል አንድ ቦታ እንዳልተሞላ ዝርዝሩ ላይ አየሁ ብሏል፤ ሲደውል ግን ጸሐፊዋ ዶክተሩ ዘንድሮ ሁለት ብቻ ነው የሚወስዱት አለችው። ስህተት ይሆናል ብዬ ነው የምጽፍልዎ። ቦታው ካለ እሱም አለ። ነገ ና ቢሉት ነገ ይመጣል።

ውጤቱ ነው ወይ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

ቨርና


ሎረል ፎርክ
ኤፕሪል 17 ቀን 2013

ለዶክተር ኮምስ፣

ጌታ ይጠብቅዎ። ያለፈው ወረቀቴ ጠፍቶ ይሆናል።

ኮልቢ ሃያ ሦስት ሆስፒታል ደወለ። አጠገቡ ተቀምጬ ሰማሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁት «አማካይህ ስንት ነው?» ነው። ሦስት ነጥብ ዜሮ ስድስት ይላቸዋል። ከዚያ «የወደቅከው አለ?» ይላሉ። አንዱ ሳቀበት። ሰው ሁሉ ቦታ ባጣበት ዓመት በአንድ ቀዳዳ የሚሽቀዳደሙት ብዙ ናቸው፤ ሦስት ነጥብ አምስት ያላቸውም ቀርተዋል አሉ። ትናንት የመጨረሻው ቦታ ተሞላ።

በሚቀጥለው ወር ይመረቃል። ጋውኑን አልከራይም ብሏል። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ቤት ይሠራል። እዚያ ያሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ግን «ዶክተር፣ የዚህን ጎማ ጥፍር ቁረጥልን» ይሉታል። እሱም ይስቃል። ቤት ሲገባ አይስቅም።

አንድ መስመር ይበቃኛል።

ቨርና ስታምፐር


ዴይተን
ሜይ 6 ቀን 2013

እህቴ ቨርና፣

ጌታ ይህን የሚያነቡበትን ልብ ይስጥዎ። ለብዙ ወራት ወይዘሮ ስታምፐር እያልኩ ጽፌልዎታለሁ። ዛሬ እንደ ዘመድ እጽፋለሁ፤ ዘመድ እውነቱን መስማት ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው።

ውጤቱ አይደለም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ነግሬዎ ነበር። ሦስት ነጥብ ዜሮ ስድስት ከሦስት ይበልጣል። ወረቀቱ እኔ ጋ ደርሷል፤ ዲውን አይቼዋለሁ። ቀጥሎ ያለውን ቢም አየሁ። ወድቆ የተነሣ ሰው ነው ብዬ አለፍኩ። ስለ ዲው ማንም አልጠየቀዎትም ነበር። እሱም ቢሆን በቃለ መጠይቁ ላይ ሲጠየቅ «በቤተሰብ ሐዘን ነበር፣ ደግሜ ተምሬዋለሁ» ብሎ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሰው። አብረውኝ ከጠየቁት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አንዱ «እንዲህ ነው መመለስ» አለኝ።

እርስዎ ግን አንድ ነገር ብጠይቅዎ ሁሉን ጻፉልኝ። አራት ቀን ተፈቅዶለት አምስት ሳምንት እንደተቀመጠ፣ ስልክ እንደዘጋባቸው፣ ድምፅዎን ሰምቶ በሽተኞቹን ጥሎ ስድስት ሰዓት እንደነዳ ነገሩኝ። እርስዎ ይህን የጻፉት ልጅዎን ለማስመስገን ነው። እኔ ያነበብኩት በሌላ ዓይን ነው። እኔ ዘንድ ስኳር እግሩን የበላው ሰው አለ፤ ዛሬ ቁስሉ ካልተከፈተ ነገ ጉልበቱ ድረስ ይቆረጣል። ሬዚደንቱ በዚያ ቀን እናቱ ስልክ ላይ ካለቀሰች ምን ያደርጋል ብዬ ራሴን ጠየቅኩ።

ያም ሆኖ ሦስተኛ አድርጌ ጻፍኩት። እጁ ጥሩ ነው ያልኩዎ እውነቴን ነው። በጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ዝርዝሬ ውስጥ ነበር። ከዚያ ስለ እሱ ዝርዝር የጻፉልኝ ደብዳቤ መጣ። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው፣ እናቱ ስላለቀሰች ሦስት ሆስፒታል ከዝርዝሩ አጠፋ። ደብዳቤውን አንብቤ እንደጨረስኩ ስሙን ሰረዝኩ። ሌላ የጻፈው እንደሌለ አውቄ ነው የሰረዝኩት፤ ይህንንም አልደብቅዎም። ቦታው ባዶ ይቅር አልኩ፤ ባዶ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማመልከት ይችላል። ምክሬን ከፈለጉ ለማንም አይጻፉለት።

ወንድምዎ፣
ጋርላንድ


ሎረል ፎርክ
ጁን 2 ቀን 2013

ለዶክተር ኮምስ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለበሽተኞችዎም ይሁን።

ደብዳቤዎ የመጣ ቀን እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣው ኮልቢ ነው። በፖስታው ላይ የሆስፒታሉ ስም አለ። አልከፈተውም። ስገባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ሥራ አልሄደም።

«ለምንድን ነው ለአንቺ የሚጽፈው?» አለኝ።

ዘመድ ስለሆነ ማጽናኛ ልኮ ይሆናል አልኩ። እንዳነበው ጠበቀኝ። ቆሜ አነበብኩት። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ ያውቃል፤ አላቻኮለኝም። ስጨርስ አጣጥፌ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

«ምን ይላል?»

አፌን ስከፍት እውነቱን ልነግረው ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ከዚያ ፊቱን አየሁት። የቀረኝ ይህ ፊት ነው። ከነገርኩት ተነሥቶ ይወጣል፣ አይመለስም። ስለዚህ ውጤቱ ነው አልኩት። ዲዋ ናት ይላሉ፣ እሷ ባትኖር ኖሮ ይወስዱህ ነበር ይላሉ አልኩት።

«ሁሌም ይህን ነበር የማስበው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲያው ክሪስታ ናታ» አለ።

ምን ማለትህ ነው አልኩት።

«በዚያ ዝናብ ተመለሺ ያላት ማን ነው? ጓደኛዋ ቤት ማደር ትችል ነበር። ራሷን ብቻ ሳይሆን እኔንም ጨረሰችኝ።» በሕይወቱ ስለ እህቱ ክፉ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በልጅነቱ ጫማውን የምታስርለት እሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። ማውጣት ነበረብኝ። አላወጣሁትም። በሜይ መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ የሙታኑን መቃብር በሚያጸዳበት የመታሰቢያ ቀን፣ መቃብሯን ልናጸዳ ስንሄድ እሱ መኪና ውስጥ ቀረ። ሰዎች ኮልቢ የት አለ ሲሉኝ እግሩን አሞታል አልኩ። አበባውን ብቻዬን ተከልኩ። በጆሮዋ የምነግራት ነገር ይኖረኝ ይሆን ብዬ ነበር፤ አልኖረኝም። እሷ ሞታለች፣ ከእንግዲህ ምንም አይነካትም እያልኩ ነው የተመለስኩት።

በሴፕቴምበር ደግሞ ሊያመለክት ነው። ወደ እርስዎም ይጽፋል፤ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ሆስፒታል እጽፋለሁ ብሏል፣ አልከለከልኩትም። አምና ምን ሆኖ ነው ብሎ ይጠይቅዎታል። ልጁ ደፋር ነው፣ ፊት ለፊት ይጠይቅዎታል። የእርስዎን ቦታ አልለምንም፤ ያ አልፏል። ውጤትህ ነው ይበሉት። ሌላ ምንም አልለምንዎም።

ቨርና ስታምፐር